የተነገረ አይደገምም

ማስተማር የተማርኩት ዩኒቨርሲቲ አይደለም። ዩኒቨርሲቲው ወረቀት ሰጠኝ፤ ማስተማሩን ግን የተማርኩት ዋድላ፣ ቅኔ ቤት ነው፤ እሱንም በስድብ። ቀኑን ሙሉ በየጥሻው ተበትነን በልባችን ቅኔ ስንቆጥር እንውልና የኔታ ፊት ቀርበን የቆጠርነውን እንናገራለን። የኔታ ዓይናቸውን ጨፍነው ይሰማሉ፤ ከዚያ «አይሆንም» ይላሉ። ለምን እንደማይሆን አይነግሩህም። ሄደህ እንደገና ትቆጥራለህ። አልፎ አልፎ፣ ደግ ቀናቸው ሲሆን፣ «ይበል» ይላሉ። እኔ ለዚያች «ይበል» ስል ዓመታት ቁራሽ ለምኛለሁ፤ ቁርጭምጭሚቴ ላይ የውሻ ጥርስ ጠባሳ አሁንም አለ።

ቅኔ ቤት የማይጣስ ሕግ አለ፤ አንዴ የተነገረ ቅኔ አይደገምም። የራስህንም ቢሆን ከደገምከው ሰረቅህ ነው። አንድ ጊዜ ለበዓል ያዘጋጀኋትን ቅኔ፣ ለብቻዬ ሳነበንባት የሰማ ባልንጀራዬ ቀድሞኝ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ተቀኛት። ሕዝቡ «ይበል! ይበል!» አለ። ደሜ ፈልቶ የኔታ ጋ ሮጥኩ። እሳቸው የማን እንደሆነች ገና ስትጀመር ነው ያወቁት። «ታዲያ ምን ላድርግህ? የተነገረ አይደገምም። እሱ ነገ ምን ያመጣል? አንተ ግን ታመጣለህ። ሂድ፣ አዲስ ቁጠር» አሉኝ። በንዴት እህል አልቀመስኩም። በሦስተኛው ቀን የቆጠርኳት ግን ከተሰረቀችው ትበልጥ ነበር። ከዚያ ወዲህ የሠራው ነገር ጠፍቶበት የሚያለቅስ ልጅ ሳይ ያቺ ሦስተኛ ቀን ትዝ ትለኛለች። ሰው የሚበረታው እንዲህ ብቻ ነው ብዬ አምን ነበር።

ጦርነቱ ከመምጣቱ በፊት መርሳ ውስጥ የአማርኛ መምህርና የድራማ ክበብ ኃላፊ ነበርኩ። ሐሙስ ሐሙስ ከክፍል በኋላ ልጆቹ የጻፉትን ያነቡልኛል፤ እኔም እንደ የኔታ ዓይኔን ጨፍኜ «አይሆንም» እላለሁ። በሌለሁበት ስሜን ትተው «አይሆንም» እያሉ ይጠሩኝ እንደነበር አውቃለሁ። በሠላሳ ልጅ ጀምሬ ሰባት ቀሩኝ። ሰባቱ ይበቁኛል፣ ገለባው ካልሄደ ፍሬው አይታይም እል ነበር። ልጅን ገለባ ማለት ያኔ ቀላል ሆኖ ይታየኝ ነበር።

ከሰባቱ አንዷ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ፣ የከብት ደላላ ልጅ ነበረች። አባቷን የመርሳ ገበያ የማያውቀው የለም። ገዢና ሻጭ ተኮራርፈው ሊለያዩ ሲሉ መሀል ይገባና የሁለቱንም እጅ ጥርቅም አድርጎ ይዞ፣ እስኪስማሙ አይለቅም። እጃቸውን ይዞ ምላሱን ይለቃል። የሚሸጠውም የሚገዛውም ሳይኖረው እሱን ለመስማት ብቻ ገበያ የሚወጣ ሰው ነበር። ልጅቱ ያንን ወግ ቤት ውስጥ እያስወራች በባለ ሃምሳ ሉክ ደብተር ጻፈችው፤ ከዚያ ሰው ጨማምራ፣ ጠብ ጨማምራ ቴአትር አደረገችው። አባትየው ማንበብ አይችልም። እሷ ስታነብለት፣ «እኔ ነኝ እንዲህ ያልኩ? ወላሂ ጎበዝ ነኝኮ!» ይል እንደነበር ነግራኛለች።

ክረምት ሲገባ ደብተሩን ለእርማት ተቀበልኳት። መምህራን ማረፊያ ተቀምጬ ግማሹን አነበብኩ፤ ብቻዬን እየሳቅሁ ነው ያነበብኩት። መሳቄን ግን ለእሷ አልነገርኳትም፤ «ገና ብዙ ይቀረዋል» አልኳት። ደብተሩን መሳቢያዬ ውስጥ ከትቼ ቆለፍኩበት።

ብዙም ሳይቆይ የከባድ መሣሪያው ድምፅ ከወልድያ በኩል እየቀረበ መጣና መርሳ ተነቅላ መሸሽ ጀመረች። እኔ ከመውጣቴ በፊት ትምህርት ቤት ጎራ አልኩ፤ የምፈልገው ዲግሪዬን ነበር። መሳቢያውን ከፍቼ ዲግሪዬንና የራሴን የቅኔ ደብተር አወጣሁ። የእሷ ደብተር ከሥር ነበር። አነሳሁት። ሻንጣዬ ውስጥ በሶ፣ ጋቢና አንድ ትርፍ ጫማ አለ። ሞልቷል አልኩና ደብተሩን መልሼ አስቀመጥኩት። መሳቢያውን በቁልፍ ዘጋሁ፤ የመሳቢያ ቁልፍ ጦር የሚያስቆም ይመስል። በእግሬ ወደ ውርጌሳ አቀናሁ። ውርጌሳ ሳልደርስ ጫማው ከበደኝና መንገድ ዳር ጣልኩት። ይህን ለእሷ እስከ ዛሬ አልነገርኳትም።

ከወራት በኋላ ስመለስ የትምህርት ቤቱ ወንበር ሁሉ ተፈልጦ ማገዶ ሆኗል። መሳቢያዬ ከነጠረጴዛው የለም። ግቢው መሀል ትልልቅ ጉልቻ ተጎልቷል፤ አመዱን በእንጨት ስቆሰቁሰው ደብተር የሚሰፋበት ሽቦ ብቻ ይወጣል፣ በብዛት። ከእነዚያ አንዱ የእሷ ይሆናል።

የልጅቱን አባት ሞት የሰማሁት በዚያው ቀን ነው። የስኳር ሕመምተኛ ነበር፤ ለመሸሽ እግሩ አልቻለለትም፣ ቤተሰቡም ጥሎት አልሄደም። መብራት ስለጠፋ ሚስቱ የኢንሱሊኑን ጠርሙስ ረጥቦ በዋለ አሸዋ፣ ማሰሮ ውስጥ ነበር የምታኖረው። አሸዋውን በየቀኑ ታረጥበው ነበር፤ ያለቀው መድኃኒቱ ነው። ጤና ጣቢያው ባዶ፣ መንገዱ ዝግ። ያ ገበያውን በአፉ የሚያንቀሳቅስ ሰው በመጨረሻው ሳምንት ምላሱ ደርቆ አንዲት ቃል ማውጣት አቅቶት ነበር አሉኝ። ለቅሶ ሄጄ ከወንዶቹ ጋር ተቀመጥኩ። ልጅቱን ከሴቶቹ መሀል አየኋት፤ እሷም አየችኝ፤ ስለ ደብተሩ ያን ቀን አላነሳችም።

ትምህርት ሲጀመር ልጆቹ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ነበር የሚማሩት። የመጀመሪያው ሐሙስ ዕለት ከክበቡ እሷ ብቻ መጣች።

«ቲቸር፣ ደብተሬስ?»

«ተቃጠለ።»

«ሁሉም?»

«አመዱን አላየሽም?»

አላለቀሰችም። «ግዴለም። ያልጠፋኝ ብዙ አለ። አባዬ ያለውን ሳልረሳው ቶሎ ብዬ መልሼ ልጻፈው። አሁን ከጀመርኩት ይመጣልኛል» አለች።

እሺ ማለት ነበረብኝ። አንዲት ቃል ናት፣ አትከብድም። እኔ ግን የቅኔ ቤት ልጅ ነኝ፤ የጠፋውን እያነፈነፈ የሚኖር ሰው አዲስ አይወልድም ብዬ አምናለሁ። እውነቱን ልናገር ከተባለ ደግሞ ሌላም ነገር ነበር። ደብተሩ እንደገና ከተጻፈ በየሐሙሱ ያ መሳቢያ ፊቴ ሊደቀን ነው። ከሁለቱ የትኛው እንደበረታ ስጠየቅ የመጀመሪያው ነው ብዬ ብመልስ ደስ ይለኝ ነበር።

«አይሆንም» አልኳት። «የተነገረ አይደገምም። ተቃጠለ፣ አለቀ። አዲስ ነገር አምጪ።»

«ቲቸር፣ ይሄኮ ቅኔ አይደለም። አባዬ ነው።»

«ለአባትሽ አላህ ይዘንለት። እኔ የማስተምረው መጻፍ ነው» አልኩና በእርዳታ ከመጡት ደብተሮች አንዱን ሰጠኋት።

እሷ ታዛዥ ልጅ ናት፤ የጎዳኋትም ታዛዥ ስለሆነች ነው። በየሐሙሱ አዲስ ነገር ይዛ ትመጣለች። አንዴ ስለ ሹፌር፣ አንዴ ስለ ዘበኛ፣ አንዴ ስለ አንድ ሰነፍ ቄስ። አነብና መሀል ላይ ሳላስበው ሳቄ ይመጣል። ሳቄ ሲመጣ አባቷ እዚያ እንዳለ አውቃለሁ። አባቷን ዘበኛ አልብሳ፣ ቄስ አስጠምጥማ፣ እኔን አታልላ ልታሳልፈው ነበር። እኔ ደግሞ ኬላ ላይ እንደቆመ ፈታሽ ነበርኩ። ቀይ እስክሪብቶዬን አወጣና «ይሄ የድሮው ነው» ብዬ እሰርዘዋለሁ። አንድ ቀን፣ «ይቺን አንዷን ብቻ ይተዉልኝ» አለችኝ። ያችንም ሰረዝኳት። ምን የምትል እንደነበረች ዛሬ አላስታውስም። ከሰረዝኩት ሁሉ አንዱንም አላስታውስም።

ከዚያ ሦስት ሳምንት ቀረች። እኔም ተነስቼ ቤታቸው ሄድኩ። ደጃፉ ላይ ስደርስ የሕፃን ሳቅ ሰማሁ። ልጅቱ ምንጣፍ ላይ ተቀምጣ የአራት ዓመት እህቷን ሁለት እጅ ጥርቅም አድርጋ ይዛ፣ ድምፅዋን ወፈር አድርጋ የገበያ ወግ ታወራላታለች። ሕፃኗ እጇን ለማስለቀቅ እየታገለች በሳቅ ትንፈራፈራለች። እናታቸው በወዲያ በኩል ሽንኩርት እየላጠች ፈገግ ብላለች። ያ ቤት ከአባትየው ሞት ወዲህ የሳቀው ምናልባት በዚያች ሰዓት ብቻ ይሆናል። እኔም ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ፣

«ሦስት ሳምንት የቀረሽው ለዚህ ነው?» አልኳት።

ልጅቱ የእህቷን እጅ ለቀቀች። እናትየው ደንግጣ፣ «ይግቡ እንጂ መምህር፣ አረፍ ይበሉ» አለችኝ። አልገባሁም።

«አባት የሞተብሽ አንቺ ብቻ ነሽ? እስቲ ከመርሳ ያልሞተበት ማን ነው?» አልኩ። «የሞተ ሰው ድምፅ ስታስመስዪ ኖረሽ ጸሐፊ አትሆኚም። መጻፍ ካልፈለግሽ ደብተሩን መልሺልኝ፤ የሚፈልገው ሞልቷል።»

እናትየው ሽንኩርቱን እንደያዘች ቀረች። እኔ ስመለስ በራሴ ረክቼ ነበር። የኔታም ቢሆኑ ይህን ነበር የሚሉኝ እያልኩ ነው ቤቴ የገባሁ። እውነትም በሚቀጥለው ሐሙስ መጣች፤ ከዚያ በኋላ አንድም ቀን ቀርታ አታውቅም። አባቷም ከጽሑፏ ውስጥ ጠፋ። ቀዩን እስክሪብቶ የማወጣበት ምክንያት አጣሁ።

ሚያዝያ ላይ ስለ በር የጻፈችውን ቴአትር ይዛልኝ መጣች። አንዲት ሴትዮ ከስደት ስትመለስ የቤቷ የቆርቆሮ በር ተነቅሏል። ስትፈልግ ጎረቤቷ ቤት ላይ ተገጥሞ ታገኘዋለች። ሄዳ ታንኳኳለች። «ማነው?» ይላል ጎረቤቷ ከውስጥ። «የበሩ ባለቤት ነኝ» ትላለች። «ቤቱ የኔ ነው!» ይላል። «ቤቱስ ያንተ ነው፤ እኔ ቤትህን መች አልኩህ? በሬን ክፈትልኝና ይዤው በዚያው ልሂድ ነው የምልህ» ትለዋለች። ጎረቤትየው እንዳይከፍት በሩን ይዛ ልትሄድበት ነው፤ እንዳይዘጋ ደግሞ የሚዘጋው የእሷን በር ነው። በዚህ ሁኔታ ሙሉ ቴአትር ይሄዳል። ያን ሰሞን መርሳ ውስጥ የጎረቤቱ ጣራ ወይም ድስት እቤቱ የተገኘበት ሰው ስንት እንደነበር የምናውቅ እናውቃለን። ሴትዮዋ ምላሰኛ፣ ክፉ፣ የማትረሳ ናት። ከመጀመሪያው ደብተር የላቀ ሥራ ነበር፤ ይህን ለማጽናኛ ብዬ አይደለም የምለው። አንብባ ስትጨርስ፣ «ይበል» አልኳት። በመምህርነት ዘመኔ ለማንም ብዬው የማላውቀው ቃል ነው። «እሺ ቲቸር» አለችና ደብተሯን ከደነች።

ግንቦት ላይ በሚኒባስ ወደ ወልድያ ሄድን፤ የየወረዳው ተማሪዎች ሥራቸውን የሚያሳዩበት ውድድር ነበር። ጦርነቱ አላለቀም፤ ከቆቦ ወዲያ እንደገና ሊጀመር ነው ይባላል። ኬላው ላይ አስወርደው ፈተሹን፤ ፈታሹ ለቴአትሩ የያዝነውን የቆርቆሮ በር አይቶ፣ «ይሄን ከየት አመጣችሁት?» ብሎ አፋጠጠን። የአዳራሹ መስኮት መስታወት ስለሌለው ላስቲክ ተወጥሮበታል። ተመልካቹ መጀመሪያ ጣራው እስኪነሳ ሳቀ። በኋላ ላይ ሴትዮዋ አንድ ባንድ ጎረቤቶቿን በስም ስትጠራ ዝም አለ። አንደኛ ወጣን።

ከሽልማቱ በኋላ አንድ የመድረክ መሪ ድምፅ ማጉያውን ለእኔ ሰጠኝ። በጦርነቱ ሥራቸው የወደመባቸው ብዙ ወጣቶች አሉ፤ እንዴት አድርጎ ማበርታት እንደሚቻል ልምድዎን ያካፍሉን አለኝ። አካፈልኩ። ስለ ቅኔ ቤት፣ ስለተሰረቀችው ቅኔ፣ ስለ ሦስተኛው ቀን ነገርኳቸው። «ይህች ተማሪዬም ደብተሯ ተቃጥሎባት ነበር፤ የተነገረ አይደገምም፣ አዲስ አምጪ አልኳት፤ ያመጣችውን አያችሁ» አልኩ። አጨበጨቡልኝ። እሷም ከመድረኩ ጥግ አጨበጨበችልኝ።

ስንወጣ እናቷ ሕፃኗን ይዛ፣ ባጃጆቹ የሚቆሙበት ጋ ትጠብቀን ነበር፤ ልጇን ለማየት ከመርሳ መጥታለች። እጄን በሁለት እጇ ያዘችኝ።

«መምህር፣ አላህ ይስጥልኝ። ልጄን ሰው አደረጉልኝ» አለች። ከዚያ ቸገር አላት። «አንድ ነገር ላስቸግርዎት። ይቺ ትንሿ የአባቴን ወግ አውሪልኝ እያለች እህቷን መቆሚያ መቀመጫ አሳጣቻት። ድሮ ታወራላት ነበር፤ አሁን እምቢ አለች። የርስዎን ቃል ትሰማለችና እስቲ ይዘዙልኝ።»

ወደ ልጅቱ ዞርኩ።

«እምቢ አላልኩም እማ» አለች። «ሞክሬያለሁ። አባዬን ስጀምር የበሩ ሴትዮ ናት የምትመጣብኝ። ድምፁም የእሷ ይሆንብኛል፣ ነገሩም የእሷ። ትንሿ እንኳ አወቀችብኝ፤ ‘ይሄ አባዬ አይደለም’ ትለኛለች።»

«ጻፊው» አልኳት። ድምፄ ለራሴም እንግዳ ሆነብኝ። «የድሮውን ጻፊው። አሁን ፈቅጃለሁ።» ፈቅጃለሁ ያለ አፌን እስከ ዛሬ አልወደውም።

«ምኑን ልጻፈው?» አለች፤ ቁጣ የለውም፣ መጠየቋ ነው። ቀጥላም፣ «ቲቸር፣ እርስዎ አንብበውት ነበር አይደል? ከኔ ሌላ ያነበበው እርስዎ ብቻ ነዎት። አንድ እንኳ ትዝ አይልዎትም? አንድ ከነገሩኝ ከዚያ ሊቀጥልልኝ ይችላል» አለችኝ።

አጠገባችን የባጃጅ ሾፌሮች ተሳፋሪ ይጣራሉ። ሦስቱም እኔን ያያሉ። እኔ ሺህ መስመር ግእዝ በቃሌ የማውቅ ሰው፣ ዳዊት ከዳር እስከ ዳር የምደግም ሰው፣ መምህራን ማረፊያ ቁጭ ብዬ ብቻዬን ያሳቀኝን ነገር ስፈልግ ጭንቅላቴ ባዶ ሆነ። በስንት ጭንቅ አንዲት ቦታ ታወሰችኝ፤ ደላላው የገዢውን እጅ እንደያዘ ስለ አንድ ሽማግሌ በሬ የሚናገራት።

«አለች አንዲት» አልኩ። «ገዢው ‘በሬው አርጅቷል’ ይለዋል። ደላላው ምን ይለዋል፣ ‘ይሄ በሬ ዋጋ ስንጀምር ወይፈን ነበር፤ አንተ ነህ በክርክር ያስረጀኸው!’»

እናትየው በሳቅ ፈነዳች። በነጠላዋ ጫፍ አፏን ይዛ፣ ዓይኗ እንባ ሞልቶ፣ «እሱ ነው! እሱ ራሱ! እሱ እንጂ ማን እንዲህ ይላል!» አለች።

ልጅቱ ግን አልሳቀችም። ጠጋ አለችኝና እናቷ እንዳትሰማ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ይቺ የአባዬ አይደለችም። እኔ ነኝ የጨመርኳት» አለችኝ።

ሕፃኗ የእህቷን ቀሚስ እየሳበች፣ «አባዬ ነው? አባዬ ነው ያለው?» ትላለች።

ልጅቱ ጎንበስ ብላ ሁለቱንም እጆቿን ያዘቻት።

«አዎ» አለቻት፤ «አባዬ ነው።»